የመንገድ ወዳጅ፤ የላስታው ንጉሥና የእንግሊዝ መድፍ

ከላሊበላ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ በገደል ሥር በተከፈተ ዋሻ ውስጥ፤ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሥር በተቀመጡት የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል ነው ብለው ይጠጡታል። ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመላቸው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ሲሆኑ ከዛጔ ነገሥታት ወገን ናቸው። ትውፊት እንደሚነግረን፤ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲመለስ፤ የዛጔ ልጆች ዋግን ይዘው፤ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲኖሩ ስምምነት ተደርጓል። ዋግሹም የሚባለውም ማዕረግ የሚመዘዘው ከዚያ ነው።

ይህ ስምምነት እንደሚተረከው ሁሉ ተፈጽሞ ይሁን ወይም ኋላ በትውፊት ተሟልቶ ይሁን፤ ለታሪክ ሊቃውንት እንተወው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚረባን በትውፊቱ ውስጥ ነገሩን የጨረሱት የአገሩ ሰዎች ብቻ መሆናቸው ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ከዚሁ ዘር የተወለዱት ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን ዘውዱን ሽተው በተነሡ ጊዜ፤ በነገሩ መካከል ከባሕር ማዶ የመጣ ሦስተኛ ወገን ተገኘ። ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ነግሠው ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። በ1863 ዓ.ም. ደግሞ ዘውዳቸውንና ነጻነታቸውን በአንድ ቀን ጦርነት አጡ።

ስለ ውጭ አገር መንግሥታት በተነጋገርን ቁጥር፤ እገሌ ወዳጃችን ነው፤ እገሌ ጠላታችን ነው ማለት እናዘወትራለን። በተማሪ ቤት ክርክርም፤ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ጨዋታም የሚሰማው ይኸው ነው። የላስታው ንጉሥ ታሪክ ግን ሌላ አነጋገር ያስተምረናል። የባዕድ መንግሥት በወንድማማቾች ጦርነት ውስጥ እጁን ሲያስገባ፤ የሚመርጠው መንገድን ነው። በዚያ ቀን በመንገዱ ላይ የቆመው ሰው ወዳጁ ይባላል፤ መንገዱ የተለወጠ ዕለት ወዳጁም ይለወጣል። ይህ ነገር ባዶ ምሳሌ እንዳይሆን ታሪኩን በተራ እንመልከት።

ከመቅደላ በፊት

የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዐሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። አራት ዓመት ሳይሞላ ራስ ዐሊ በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ተሸነፉ። ካሣም በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ፕላውደን ለራስ ዐሊ ሲያለቅስ አልተገኘም፤ ወዲያው የአሸናፊው ወዳጅ ሆነ። ውሉ የተጻፈው ከሰውየው ጋር ቢመስልም፤ ልቡ ከንግዱ ጋር ነበር።

ፈረንሳዮችም በበኩላቸው በትግራይ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የሸፈቱትን አገው ንጉሤን ያዙ። ንጉሤ ከፈረንሳይ እርዳታ ለማግኘት ሲሉ በቀይ ባሕር ዳር ያለውን ዙላን ለመስጠት ቃል ገቡ። የፈረንሳይ መልእክተኛ መጣ፤ ተነጋገረ፤ ተመለሰ። በ1853 ዓ.ም. ንጉሤ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ሲገደሉ ግን የፈረንሳይ ጦር ሊያድናቸው አልመጣም። አባቶቻችን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። የፈረንሳይ ዐይን ያረፈው በዙላ ወደብ ላይ ነበርና፤ ወደቡን ሊያስረክብ የማይችል ሰው ለፈረንሳይ ምን ይረባዋል?

እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ስለ ቀይ ባሕር ይህን ያህል የሚሻሙበት ምክንያት ሕንድ ነበረች። ከአውሮፓ ወደ ሕንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚወስደው አጭር መንገድ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ በጎንደርና በዐድዋ፤ በላስታና በሸዋ ይደረግ የነበረው ጠብ፤ ለእኛ የዘውድና የርስት ጠብ ሲሆን፤ ለእነርሱ የመርከብ መንገድ ጉዳይ ነበር።

ጦሩ በላስታ ሲያልፍ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ በመዘግየቱ ተቆጥተው ቆንስሉን ካሜሮንን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር አሰሩ። ከዚህም የተነሣ በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ዙላ ላይ ወረደ። ወታደሩ 13 ሺህ ያህል ነበር፤ ጓዙን የሚያነሣው ሰው ከወታደሩ በእጥፍ ይበልጣል። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ከሕንድ መጥተው ነበር። የዘመቻው ወጪ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ደረሰ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ይህ ሁሉ ጦር ከባሕር ዳር እስከ መቅደላ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ለተራራ መጓዝ ነበረበት፤ በዚህም መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። ከሰናፌ እስከ አሸንጌ ሐይቅ ባለው አገር የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ነበሩ። ከአሸንጌ ወዲህ ባለው በዋግና በላስታ ደግሞ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። ሁለቱም በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የሸፈቱ ናቸው። ሁለቱም ለዘውድ ያስባሉ። የካሣ እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽም የጎበዜ ሚስት ናቸው። እንግዲህ ነገሩ የአማቾች ነገር ነበር።

ናፒየር እስረኞቹን አስፈትቶ ከመመለስ በቀር ሌላ አሳብ እንደሌለው በአዋጅ አስታወቀ። በየካቲት ወር ከካሣ ጋር ተገናኝቶ ተነጋገረ፤ ካሣም መንገዱንና ገበያውን ከፈቱለት። ጦሩ እህሉንና ከብቱን በማርያ ቴሬዛ ብር ይገዛ ነበርና፤ ባላገሩ በዚያ ዓመት ያየውን ያህል ብር አይቶ አያውቅም። ከአሸንጌ አልፎ የላስታን ደጋ ሲያቋርጥ፤ የተከዜን ምንጭ ተሻግሮ ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ሲወጣም የጎበዜ ወገን አልተኮሰበትም። ጎበዜ የአባታቸው ደም ነበረባቸው፤ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የገደሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩና። የገዛ እጃቸው ሊያደርገው ያልቻለውን የባዕድ እጅ ሲያደርግላቸው ዝም ብለው ማየትን መረጡ። በዚህ ረገድ ከካሣ የተለየ ሥራ ሠሩ ለማለት አይቻልም።

በሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። በሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ከጥቂት ቀን በኋላ መቅደላ ተቃጠለ፤ ጦሩም የመጣበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ።

ስጦታው ለማን ደረሰ?

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ጦሩ በላስታ በተመለሰ ጊዜ ለላስታው ሰው የተረፈው ነገር እምብዛም አልነበረም። ሰናፌ በደረሰ ጊዜ ግን ለደጃዝማች ካሣ 12 መድፍ፤ ከ8 መቶ የሚበልጥ ጠመንጃና ብዙ ባሩድ ተሰጠ።

ካሣ ከጎበዜ ይልቅ ለእንግሊዝ ታማኝ ስለ ነበሩ ነውን? አይደለም። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነው፤ መንገድ መስጠት። ልዩነቱ የጎበዜ መንገድ ከጦሩ ኋላ መቅረቱ፤ የካሣ መንገድ ግን ገና ከፊት መሆኑ ነበር። ካሣ የቆሙት በባሕሩ በር ላይ ነው። ጓዙን ሁሉ ጭኖ ወደ መርከብ የሚወርድ ጦር በመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ጠብ አይፈልግም። ደግሞም 9 ሚሊዮን ፓውንድ ላወጣ መንግሥት 12 መድፍ ምኑ ነው? ለሰጪው ከጓዝ ላይ የተራገፈ ሸክም ነበር፤ ለተቀባዩ ዘውድ ሆነ፤ ላልተቀበለው ደግሞ ጥፋት።

ይህ የመጠን ልዩነት ለወጣት ሠራተኞች ትልቅ ትምህርት ነው። ኃያል መንግሥት በደካማ አገር የውስጥ ጠብ ላይ የሚያሳድረው ውጤት ከአሳቡ ጋር አይመጣጠንም። ናፒየር ለኢትዮጵያ ንጉሥ ልምረጥ ብሎ አልመጣም፤ እንዲያውም በውስጥ ነገር አልገባም ብሎ ነበር። ነገር ግን ጓዙን ሲያቀል ንጉሥ መረጠ።

አሰም

ጎበዜ በነሐሴ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ዘውዱን የጫኑት ጳጳስ ሳይኖር ነበር፤ አቡነ ሰላማ ቀደም ብለው በመቅደላ አርፈው ነበርና። ያን ጊዜ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነው፤ የእስክንድርያም መንገድ በምጽዋ በኩል ነው። በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስ ከግብፅ መጡ፤ የደረሱትም ወደ ካሣ ነው። ስለዚህ በባሕሩ በር መቆም መድፍ ብቻ ሳይሆን ቅብዐ መንግሥትንም የሚያስገኝ ሆነ። ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ የቀረው እንግሊዛዊው ጆን ኪርክሃምም የካሣን ወታደሮች በአውሮፓ ሥርዓት ማሠልጠን ጀመረ።

ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በበኩላቸው ሰነፍ ንጉሥ አልነበሩም። እኅታቸውን ለጎጃሙ አዳል ተሰማ ድረው ጎጃምን በወዳጅነት ያዙ፤ የጎንደርንም አብያተ ክርስቲያናት አሳደሱ። ብዙ ሕዝብ ያለበትን የመካከሉን አገር ይዘዋል። በ1863 ዓ.ም. አማቻቸውን ለማስገበር ወደ ትግራይ ሲዘምቱ 60 ሺህ ያህል ሰው አስከትለው ነበር፤ የካሣ ጦር ግን 12 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። በሐምሌ ወር መጀመሪያ በዐድዋ አጠገብ በአሰም ተገናኙ። የሠለጠነው ጥቂት ጦር ብዙውን በመድፍና በጠመንጃ በተነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ፤ ከዚያም በኋላ በግዞት ሞቱ። ካሣም በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ወዳጅነቱ ስንት ጊዜ ተለወጠ?

ይህን በማንበብ ዐፄ ዮሐንስን በባዕድ መሣሪያ የነገሡ ብሎ የሚፈርድ ቢኖር ይቸኩላል። ቀጥሎ ያለው የዘመናቸው ታሪክ ለባዕድ ያልተንበረከኩ መሆናቸውን ያስረዳልና። ነገር ግን የእንግሊዝ ወዳጅነት ምን ያህል እንደሚጸና ከእርሳቸው የበለጠ የቀመሰ ንጉሥ የለም።

በ1862 ዓ.ም. በኅዳር ወር የስዌዝ ካናል ተከፈተ፤ በዚያው ወር አንድ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ አሰብን ገዛ። የመርከቡ መንገድ በእኛ ደጅ ስላለፈ የሚሻማው በዛ። ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር የዚህ ዘመን ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በምጽዋ ለእንግሊዝም ለፈረንሳይም በቆንስልነት አገልግሏል፤ ለናፒየር ጦር መንገድ መርቷል። በ1863 ዓ.ም. ደግሞ የግብፅ መንግሥት የምጽዋ ገዥ ሆነ፤ በሚከተለውም ዓመት ከረንንና የቦጎስን አገር ለግብፅ ያዘ። በመጨረሻ በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ይዞ ወደ ሸዋ ሲጓዝ በአውሳ አፋሮች ገደሉት። አንድ ሰው በአንድ ወደብ ላይ ሆኖ ሦስት ጌታ ለወጠ፤ የመንገዱን ዋጋ ያውቅ ነበርና ሥራ አላጣም።

ዐፄ ዮሐንስ ግብፅ አገሬን ወሰደች ብለው ኪርክሃምን ወደ አውሮፓ ላኩት። የጠበቁት እርዳታ አልመጣም። በ1868 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጉንደት ላይ፤ ከአራት ወርም በኋላ ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉት በገዛ ሕዝባቸው ክንድ ነው። በዚያው በኅዳር ወር የእንግሊዝ መንግሥት የግብፁን ገዥ የስዌዝ ካናል አክሲዮን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ እየገዛ ነበር። ገንዘቡ በካይሮ ሳለ ልቡ በዐድዋ ሊሆን አይችልም። ኪርክሃምም ያን ዓመት በግብፆች እጅ ወድቆ ምጽዋ ላይ ሞተ።

ስምንት ዓመት አለፈ። በሱዳን መሐዲስቶች ተነሡ፤ የግብፅ ወታደሮች በየምሽጉ ተከበቡ። ግብፅን የያዘው እንግሊዝ የሚያወጣቸው መንገድ ሲፈልግ መንገዱ በኢትዮጵያ በኩል ሆነ። ተረስተው የነበሩት ዐፄ ዮሐንስም እንደገና ወዳጅ ተባሉ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከአድሚራል ሂወት ጋር በተደረገው ውል ቦጎስ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፤ ምጽዋም ለኢትዮጵያ ዕቃ ነጻ መተላለፊያ እንዲሆን ተስማሙ። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች፤ ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። ሌላው ወገን ግን አስቀድሞ ተለውጦ ነበር። ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ገደማ ሲሆን፤ በጥር 1877 ዓ.ም.፤ ኢጣልያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። እንግሊዝ ወደቡን ፈረንሳይ ከምትይዘው ኢጣልያ ብትይዘው ይሻላል ብላ ነበር። ኢትዮጵያ የእንግሊዝን ሥራ ስትሠራ ከመሐዲስቶች ጋር ደም ተቃባች፤ ጎንደር በ1880 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ።

በዚህ መካከል ኢጣልያ በዐፄ ዮሐንስና በንጉሥ ምኒልክ መካከል ያለውን ቅራኔ አይታ ለምኒልክ ጠመንጃ ታቀርብ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፤ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከላስታ ደቡብ በወሎ ውስጥ በምትገኘው በውጫሌ ውል ተፈረመ። የ17ኛውን አንቀጽ ነገር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋልና አልደግመውም። ልብ የሚባለው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዐፄ ምኒልክ ውሉን ሰረዙ፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሸዋና የጎጃም፤ የትግራይና የወሎ ሰው አብሮ ቆመ፤ ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ጦር ይዘው ተሰለፉ። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው የአሰም ቁስል ነበር፤ ቢሆንም ዘመቱ። የኢጣልያ ጠመንጃ በኢጣልያ ላይ ተተኮሰ። የባዕድ መሣሪያ በጎ ሥራ የሠራው፤ የያዙት ወንድማማቾች በታረቁበት ቀን ነው።

ያው መንገድ በእኛ ዘመን

ነገሩ ያለፈ ተረት ነው የሚል አንባቢ ካለ የ2013ቱን የሰሜን ጦርነት ያስታውስ። የሕወሓት ኃይሎች በሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ ገቡ፤ ከተማዪቱም ከእጅ ወደ እጅ ስትዛወር ቆይታ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወጡ። የናፒየር ጦር ካለፈ ከ150 ዓመት በኋላ ላስታ እንደገና የጦር መንገድ ሆነች።

የመንግሥታቱም አሰላለፍ የቀድሞውን ይመስላል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ሰላም ያወረደችው ኤርትራ ጦሯን አስገባች። ሱዳን ጊዜውን አይታ በ2013 ዓ.ም. የአልፋሽጋን መሬት ያዘች። አሜሪካ ማዕቀብ አዘጋጀች፤ ከአጎዋ የንግድ ዕድልም አስወጣችን። ሩሲያና ቻይና በጸጥታው ምክር ቤት ተቃራኒውን ቆሙ። ከቱርክ፣ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና ከኢራን ስለ መጡ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የዓለም ጋዜጦች በሰፊው ጻፉ። እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መንግሥታት በአንድ ሰማይ ሥር መሣሪያቸው ተገናኘ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በፍቅርና በጥላቻ ለመተርጎም ለሞከረ ነገሩ ግራ ይሆንበታል፤ ቀይ ባሕርን፣ ዓባይንና ገበያን ይዞ ላየው ግን ግልጽ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሰላም ሲፈረም ኤርትራ በጠረጴዛው ላይ አልነበረችም፤ ከዚያ ወዲህም የአዲስ አበባና የአስመራ ወዳጅነት እየሻከረ ሄደ። ከተፈረመ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ወዳጅነት ነበር።

ወጣቱ ሠራተኛ ምን ይጠይቅ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሩን ዘግተን እንቀመጥ የሚል ምክር አልሰጥም። አገር ያለ ወዳጅ አይኖርም፤ ዐድዋም ያለ ተገዛ ጠመንጃ አይታሰብም። ነገር ግን ነገ የውል ረቂቅ፤ የብድር ወረቀት፤ የእርዳታ ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥበት ወጣት ሦስት ጥያቄ ቢለምድ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው፤ ይህ ሰጪ የቆመው በየትኛው መንገድ ላይ ነው? ለናፒየር የመመለሻ መንገድ፤ ለሂወት የግብፅ ወታደሮች መውጫ ነበር። ሁለተኛው፤ መንገዱ እስከ መቼ ያስፈልገዋል? የሂወት ውል በስምንት ወር ውስጥ የተሸረሸረው ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ ነው። ሦስተኛው፤ ስጦታው ሲደርስ ከወንድማማቾች መካከል ማን ይደክማል? ከሦስቱ እጅግ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስጦታው በእጁ የደረሰለት ሰው ሊጠይቀው አይወድምና። ካሣ በሰናፌ፤ ምኒልክም ከኢጣልያ ጠመንጃ ሲቀበሉ ይህን ለመጠየቅ ምክንያት አልነበራቸውም። ዋጋውን የከፈለው ግን ሁልጊዜ ባላገሩ ነው፤ ጦሩ የትም ይሂድ የት፤ የሚታጨደው የእርሱ አዝመራ፤ የሚነዳው የእርሱ በሬ ነውና።

የዛጔና የይኩኖ አምላክ ስምምነት ትውፊት ቢሆንም እንኳ፤ ሕዝቡ ትውፊቱን ይህን ያህል ዘመን ጠብቆ ያቆየው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጠባችንን በራሳችን ሽማግሌ በጨረስን መጠን በባሕሩ በር የሚራገፈው መሣሪያ ዋጋው ይረክሳል። ባልጨረስነው መጠን ደግሞ ማንም መንገደኛ ጓዙን ሲያቀል ንጉሥ ይመርጥልናል።